የተገለበጠው ማሊያ

ከዘንድሮ ጀምሮ በተጫዋች ማሊያ ጀርባ ላይ ቁጥር ቀርቶ የወር ደመወዙ እንዲጻፍ ታዟል። አዲሶቹን ማሊያዎች ከክለቡ ያመጣው ምንተስኖት ነበር፤ ላሚሶ ከልምምድ ሲመለስ ምንተስኖት ሁለቱንም አጥቦ ግቢው ገመድ ላይ አስጥቷቸው አገኘ። የላሚሶ ሠላሳ ሺህ ከበሩ ይነበባል። የምንተስኖት ግን ተገልብጦ ነው የተሰጣው።

«ቀለሙን ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ ነው» አለ ምንተስኖት ከመስኮቱ።

ላሚሶ እርጥቡን ማሊያ ገለበጠው። ሦስት መቶ ሺህ ይላል።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ተከራይተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው ኖረዋል። ክለቡ የገቡትም «እኩል ካልከፈላችሁን አንፈርምም» ብለው ነው። በየዓመቱ ራዲዮኑ የክለቦችን አማካይ ደመወዝ ሲያወዳድር የእነሱ ክለብ ሰማንያ ሺህ ይባላል፤ ሁለቱም ይስቁና ድርሻችንን የሚበላው ማን ይሆን እያሉ ሲገምቱ ያመሻሉ።

«ነገ ስታዲየም ሙሉ ሰው ያነበዋል» አለ ላሚሶ። «የደበቅከው ከእኔ ብቻ ነው።»

«እንዳይከፋህ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«መክፈሉንስ ይክፈሉህ፤ ጎል ታገባለህ። ግን ማን ይሆን ባልን ቁጥር የበረኛውን የከድርን ስም የምታነሳው አንተ ነበርክ።»

ምንተስኖት ከመስኮቱ ገለል አለ።

ላሚሶ ማሊያውን እንደነበረ መልሶ ገለበጠው። ከድር ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋለት ላሚሶ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።