ከኮሪያ የመጣው ካፖርት

ፊሮምሳ ለትምህርት ኮሪያ ከሄደ ወዲህ ስልክ ሳያነሳ ከቀረ ለእናቱ ለዳሲቱ ሞቶ ይታያታል። ዛሬ ጠዋት ግን በረዶ መሃል ቆሞ እየሳቀ በቪዲዮ ደወለላት።

«እማ፣ በኮሪያ ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያን እዚህ ያሠሩት ሐውልት ጋ ነኝ። የአያትሽም ስም አለ።»

«ምን ለብሰህ ነው? ብርዱ ይገድልሃል።»

«አንቺ ደግሞ፣ የማይገድለኝ ነገር አለ? አንድ ሀበሻ ሽማግሌ ካፖርታቸውን አልብሰውኛል።»

ዳሲቱ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከካፖርቱ ጥቁር ቁልፎች መካከል አንዱ ነጭ ነበር።

የአያቷ አስከሬን ከጦርነቱ አልተመለሰም። ጓደኞቻቸው ያመጡት ካፖርታቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ለቅሶው የተለቀሰው እሱ መሃል ተዘርግቶ ነው። በጎደለው ቁልፍ ምትክ ሚስታቸው ከቀሚሳቸው ነጭ ቁልፍ ፈትተው የሰፉበት እዚሁ ቃሊቲ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካፖርቱ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

«አውልቀህ መልስላቸው። አሁኑኑ።»

ልጇ ሳቀና ዞር አለ። ሲመለስ ሹራብ ብቻ ለብሷል።

«መለስኩላቸው። ለብሰውት ሄዱ።»

«ወዴት?»

«ቤቴ ነው የምሄደው አሉኝ። የቃሊቲ ሰው ናቸው እኮ፣ ሰፈራችንን በደንብ ያውቁታል።»

ዳሲቱ ስልኩን እንደያዘች መኝታ ቤት ገብታ የሳጥኑን ክዳን አነሳች። ካፖርቱ እንደታጠፈ ተቀምጧል። እፎይ ብላ ልትዘጋው ስትል እጇ የካፖርቱን ትከሻ ነካ።

በረዶ ነበረበት። ገና አልቀለጠም።