ሦስት አስተያየት

ከመንግሥት የቤተሰብ ድጋፍ ስለጠየቅኩ በቤቴ በር ላይ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ዛሬ ሠላሳ ቀኑ ነው። የልጄ የኤፍራታ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ «ከእናቷ ጋር ትቆይ ወይስ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ትግባ? ጎረቤት አስተያየት ይስጥ» ይላል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ሰው «ትቆይ» ካላለ የማሳደጊያው መኪና መጥቶ ይወስዳታል። እስካሁን አንድም ሰው አልተናገረም።

ከእኛ በታች የሚኖሩትን ጋሽ ደጀኔን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።

«ተነሽ እንጂ ልጄ! ምን ብዬ ልናገር? አስተያየት የሚቀበለው ማሽን እንደሆነ ውሸት ይለያል። እኔ የልጅቷን ድምፅ እንኳ ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጎረቤት ቅር እንዳይለው ብዬ ስምንት ዓመት ሙሉ «ቀስ በይ» እያልኩ አሳደግኳት። ቤት ውስጥ የምትሄደው በካልሲ ነው። ሳል ሲይዛት ትራስ አፏ ላይ ታደርጋለች።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። የቀረኝ ሩብ ሰዓት ነው። መስኮቱን በረገድኩና «ኤፍሪዬ፣ ጩኺ! ዝለይ! ሰው ሁሉ ይስማሽ!» አልኳት።

አፏን ከፈተች። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ በሹክሹክታ፣

«እማዬ፣ እንዴት ነው የሚጮኸው?» አለችኝ።