ያጎነበሰው ማኅተም

ሽማግሌው ጌንሳኩ የቋጠሩትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይፈቱና በጨው የደረቀ የወንዝ ዓሣ ያወጣሉ። ሽታው የስብሰባ ክፍሉን በአንዴ ይሞላዋል።

«አይ አባት፣ ዛሬስ ባንኩን በዓሣ ሊደልሉልን ነው» ይላል ኩራሞቺ፣ የመብራት ኩባንያው የፋይናንስ ዳይሬክተር።

«እናንተው በገደባችሁት ውሃ ያደገ ነው። የራሳችሁን ነው የመለስኩላችሁ» ይላሉ ሽማግሌው። ኩራሞቺ ይስቃል። አጠገቡ የተቀመጠችው ቺዙሩ ግን ሳቁ እምቢ ይላታል።

ቺዙሩ ኩሳካ የኩባንያው የብድር ክፍል ኃላፊ ናት፤ የጌንሳኩ መንደር ልጅም ናት። ትንሽ ሳለች ቦዩ ሲሞላ አዝለው ወደ ትምህርት ቤት ያሻገሯት እኚህ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ከገቡ ጀምሮ «ወይዘሮ ኩሳካ፣ እርስዎ» እያሏት ነው። ቢሮ ነው ብለው እኮ ነው፤ ቢሆንም ያማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኩባንያው የቆየ ብድር መክፈያው ደርሷል። ወለዱ ቀለል፣ ጊዜው ረዘም ባለ አዲስ ብድር ሊዘጋ ነው። የድሮዎቹ አበዳሪዎች በመያዣነት የያዙት ትልልቆቹን የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ብቻ ነበር። አዲሶቹ ደግሞ ከግድብ እስከ ምሰሶ ያለውን ሁሉ በአንድ ጥቅል ካልያዝን ብለዋል። የጌንሳኩ መንደር ትንሽዬ ጣቢያም እዚያ ጥቅል ውስጥ ልትገባ ነው። የመንደሩ አባቶች በዶማ ቦይ ቆፍረው የሠሯት ናት፤ ኋላም «በሩዝ ተከላ ጊዜ ውሃው መጀመሪያ ለማሳችን» ብለው ለኩባንያው ሰጧት። አንዴ መያዣ ከገባች ግን ያለ አበዳሪዎቹ ፈቃድ አንድ ባልዲ ውሃ ከእሷ አይቀነስም። መንደሩ ካልፈቀደ ደግሞ አትገባም። የቀረው በፊርማ ፋንታ የሚመታው፣ የመንደሩ ተወካይ የጌንሳኩ ማኅተም ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ኩሳካ፣» ይላሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ይቺን አንዷን መተው አይቻልም ወይ? ሥራችሁን ላደናቅፍ አይደለም። ውሃው ካልመጣ ሩዙ አይተከልም፤ የቀሩትም ጥቂት ልጆች ወደ ከተማ ይነቅላሉ። ከዚያ በኋላ መንደር የሚባል ነገር የለም።»

ኩራሞቺ ወደ ቺዙሩ ይዞራል። «እስቲ አንቺ መልሺላቸው። ሂሳቡን የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው፣ ታውቀዋለች። ጣቢያዋ ብትወጣ ከመያዣው የሚጎድለው ከድስት ሾርባ አንድ ማንኪያ ነው። የባንኩ ሰውም ትናንት በስልክ «ከእናንተ በኩል ጥያቄ ከመጣ አናስቸግርም» ብሏታል። ለአለቃዋ ግን ገና አልነገረችም፤ ጠዋት ልትነግረው ብትል ስብሰባ ላይ ነበር። አለቃ ሳያውቅ ለውጭ ሰው «ይቻላል» ማለት ደግሞ በዚህ ቤት አለቃን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። እንግዲህ ሽማግሌውን ዛሬ መልሳ ነገ ልትጠራቸው አስባ አፏ ላይ የመጣላትን ትናገራለች።

«እናስብበታለን።»

ከአፏ ከመውጣቱ ይቆጫታል። በዚህ አገር ይህን ቃል ያልሰማ ማን አለ። ሥራ ፈላጊው፣ ልጃችሁን ዳሩልኝ ባዩ፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ ባዩ፣ ሁሉም «እናስብበታለን» ተብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጥቷል። እንግዳ እንዳያፍር ሲባል እምቢ የሚባልበት ቃል ነው። እሷ ደግሞ ዛሬ የምሯን ነበር።

የጌንሳኩ ፊት ለአፍታ ጠውለግ ይልና ፈገግ ይላሉ። «ገባኝ። ሰው አስቸገርኩ» ብለው ማኅተማቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ይሰዳሉ።

«አጎቴ፣ አይቸኩሉ» ትላለች፣ በልጅነቷ ትጠራቸው እንደነበረው። «የእውነት እናስብበታለን ማለቴ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» ይላሉ፣ «እርስዎ» ማለቱን ረስተው። «እኔስ የጣቢያዋ ጠባቂ ሳለሁ ስንቱን እንዲሁ ብዬ ሸኝቻለሁ። በሰው ፊት አላስጨንቅሽም። የእኛ ልጅ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማየቴ ይበቃኛል።»

«ባንኩ እኮ…» ብላ ትጀምራለች።

ኩራሞቺ ቀዩን ቀለም ወደ ሽማግሌው እያስጠጋ ቀና ይላል። «ባንኩ ምን?»

ይኸው፣ አሁን ነበር መናገር። ሁለቱም አፍ አፏን ያዩአታል።

«ባንኩ… ከምሳ በኋላ ይመጣል» ትላለች።

ጌንሳኩ ማኅተማቸውን እፍ ብለው ያሟሙቁና በሁለት እጃቸው ይጫኑታል። ከዚያ ጨርቃቸውን አጥፈው ይነሳሉ። «ዓሣውን በፍም ዳር ነው የሚጠብሱት፤ እሳት ከበዛበት ይመርራል» ብለው፣ ለሁለቱም እጅ ነስተው ይወጣሉ።

«ትልቅ ሰው ናቸው» ይላል ኩራሞቺ። «ነገር አላበዙም።»

«ብንጠይቀው ባንኩ ያቺን ጣቢያ ይተዋት ነበር» ትላለች ቺዙሩ፣ በሩን እያየች።

«ታዲያ አሁን ምን ያደርጋል? ራሳቸው ፈቀዱ አይደል እንዴ» ብሎ ዓሣውን ወደ መስኮቱ ይወስደዋል።

ቺዙሩ ወረቀቱን ወደ ራሷ ትስባለች። በግራ የኩራሞቺ ማኅተም ቀጥ ብሎ ቆሟል። በቀኝ የእሷ አለ። እንደ ቢሮው ልማድ የበታች ማኅተም ወደ አለቃው ዘንበል ብሎ ነው የሚመታው፤ እጅ የሚነሳ ሰው እንዲመስል። እሷም ጠዋት ሳታስበው ወደ ኩራሞቺ አዘንብላ መትታዋለች። በመካከላቸው የጌንሳኩ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ኩባንያው ውስጥ በጣቢያ ጠባቂነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ልማዱን ያውቁታል።

በማኅተማቸው ጀርባቸውን ለዳይሬክተሩ ሰጥተው ወደ ቀኝ ነው ያጎነበሱት፣ ወደ እሷ።