የሐምሌ ጠባሳ

ዱባ በየደጁ የሚደረደርበት የሃሎዊን በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የማርጎ ባል አባት ዱባዎቹን በበረንዳው ደረጃ ላይ ይደረድሩ ነበር። ማርጎ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ከምሰሶው ጋር እያሰረች በዓይኗ ትከተላቸዋለች። በየዱባው ላይ የአንድ የቤተሰብ አባል ስም ተጭሯል፤ ሽማግሌው ይህን በየዓመቱ ሳያጓድሉ ያደርጉታል። እሷን ግን በመስከረም ልጃቸውን ካገባች ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አላነጋገሯትም፤ በስሟም ጠርተዋት አያውቁም።

የመጨረሻው ዱባ ሲቀመጥ የራሷን ስም አነበበች።

«ብዙ ደስ እንዳይልሽ» አለች የባሏ እህት ጁዲት እየሳቀች። «አባባ ቅር እንዳይልሽ ብሎ ትናንት በሚስማር ሞነጫጭሮልሽ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢና ገመዱን አቀብያት» አሉ ሽማግሌው።

ማርጎ ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን በጣቷ ዳሰሰች። የትናንት ጭረት ቢሆን ቀጭንና እርጥብ ይሆን ነበር። ይሄ ግን እንደ ዳነ ቁስል ደርቆ ከቆዳው በላይ አብጧል፤ ፊደሎቹም ከዱባው ጋር አብረው አድገው እያንዳንዳቸው መዳፍ አክለዋል። እንዲህ የሚሆነው ዱባው ገና ለጋ ሳለ፣ ብርቱካን ሲያክል ከተጫረ ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ እሷ ቀለበት እንኳ አላሰረችም ነበር፤ ወደዚህ ቤት የመጣችው አንድ እሁድ ለእራት ብቻ ነበር።

«የሐምሌ ነው» አለች ቀና ብላ።

ሽማግሌው ስሙ ከመንገድ እንዲታይ ዱባውን አዞሩት።

«ቆይቶ የተጫረ አያምርም፣ ማርጎ» አሉ።