ክቡር ሆይ፣ አያውቁኝም

ተከትፎ የደረቀ ሽንኩርት አሽጋ የመሸጥ ሐሳቧን ለባለሀብቱ ስምንት ጊዜ በኢሜይል ብትልክለት ትንፍሽ አላለም። እሷ ግን እልኸኛ ናት። ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ያንኑ ሐሳብ ለዘጠነኛ ጊዜ ጻፈችለት። አሁን ግን «ክቡር ሆይ፣ አያውቁኝም» ብላ ጀመረችና በክርስትና ስሟ ፈረመች፤ «ወለተ ሐና»።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልስ ገባ።

«ክብርት ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ እንዲህ ያለ ድንቅ ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም። ማክሰኞ በአራት ሰዓት ቢሮዬ ቢመጡልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።»

እልልታዋን አቀለጠችው።

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ ባሏ ከሳሎን። «ስንቴ ልንገርሽ፣ ሥራ ላይ ነኝ! ለአንዲት ብልህ ሴት ገና አሁን መልስ መላኬ ነው። ይልቅ ሂጂና ሽንኩርትሽን ላጪ!»