መብራቱ ከበራ በኋላ

ሥራ አስኪያጁ ኤሌክትሪሺያኑን በሰው ፊት ያዋረደው አምና፣ በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ «ለምድራችን መብራት እናጥፋ» በሚባለው ምሽት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ አፉ አላርፍ ብሎት፣ «ጌታዬ፣ ደጅ ለማይክራፎኑ ጀነሬተር እየጨሰ፣ እዚህ አምፖል ብናጠፋ ለምድር ምን ይጠቅማታል?» አለ።

«አንተ የተቀጠርከው ለማብራትና ለማጥፋት ነው፤ የሚያስብልን ሰው አለን።»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀርቶ «ማብሪያ» ተባለ። ስድቡ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ከረመ።

ዘንድሮም ጀነሬተሩ ደጅ ይጨሳል። አጥፋ ሲባል አጠፋ። ንግግሩ አልቆ ተጨበጨበና አብራ ተባለ፤ አበራ። አምፖሎቹ አንድ ሳይቀሩ ቦግ አሉ።

«ምነው ማብሪያ፣ እንቅልፍ ጣለህ እንዴ?» አለች ገንዘብ ያዧ። ሳቁ።

«በርቷል እኮ!»

«ወይ አንተ ቀልደኛ!»

አጥፍቶ እንደገና አበራ። ገንዘብ ያዧ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ሄደች። ጸሐፊዋ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ፊት ነክታ፣ «ማነህ?» አለችው። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበር ጋር እየተጋጨ መጥቶ ማብሪያ ፊት ቆመ። ዓይኖቹ አምፖሉ ላይ ፈጠዋል፤ አይርገበገቡም።

«ወንድሜ፣ እዚህ ነህ? በእናትህ አብራው። ተቀይመኸኝ ነው?»

ማብሪያ ደስም አላለው፣ አልከፋውም። ሥራ አስኪያጁ ከዘረጋው እጅ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ለማንም ያልጠቀመ መብራት በከንቱ ከሚባክን ብሎ አጠፋው።

ውስጥ ማንም ልብ አላለም። «አብራው እንጂ!» ይሉታል፣ በዚያው በቅድሙ ድምፅ። እሱ ሄደ።