የአባል መታወቂያ

"ክለቡ ይሸጥ የምትሉ መታወቂያችሁን ከፍ አድርጉ!" አሉ ፕሬዝዳንቱ። አዳራሹ በአዳዲስ መታወቂያ ብልጭልጭ አለ። እማማ ኤውላሊያ ግን ንቅንቅ አላሉም። አባታቸውና የስፔኗ አስቱሪያስ ከሰል ቆፋሪዎች ከደሞዛቸው እያዋጡ የመሠረቱትን የሪዮቪዬሃን የእግር ኳስ ክለብ፣ ኳስ ክብ መሆኗን እንኳ የማያውቅ የባህር ማዶ ባለሀብት ሊወስደው!

"ኧረ እማማ፣ አያካብዱ!" አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ፌርሚን። "አጥቂ ይገዛልናል እኮ። መታወቂያውንም በር ላይ አሮጌውን ተቀብለው በነፃ ነው የቀየሩልን።"

"አንተ ጅል፣ እስቲ የያዝከውን አንብበው።"

አነበበው። ከስሙ በላይ "ደንበኛ" ይላል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

እማማ ከጉያቸው ጠርዙ የተበላ የካርቶን መታወቂያ መዥረጥ አድርገው ተነሱ።

"እማማ፣ ያንን ቆሻሻ አልቀየሩትም እንዴ?" ሳቁ ፕሬዝዳንቱ።

"የኔ 'አባል' ነው የሚለው። በደንባችን ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው አባል ብቻ ነው። ከኔ ሌላ አባል ካለ እስቲ ያሳየኝ!"

ሰው ሁሉ መታወቂያውን አውርዶ ተመለከተ፤ የሁሉም 'ደንበኛ' ነው የሚለው። ፌርሚን የራሱን ፍለጋ፣ አሮጌዎቹ መታወቂያዎች ወደተጣሉበት በር ላይ ወዳለው ሳጥን ሮጠ።

"በሉ ቁጠሩ እንግዲህ" አሉ እማማ። "አይሸጥም፣ አንድ። ይሸጥ፣ ዜሮ።"